«ለድሬ ፀሐይ ሰም አይበጅም» ለተባለው ጽሑፍ ምላሽ፦ ናፍጣውን ከኮፈኑ አርቅ

ሰሞኑን «ለድሬ ፀሐይ ሰም አይበጅም» የሚል ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ቆይቶ እኔም ጋ ደረሰ። ላላነበበው ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ በመኪና ቀለም ላይ የሚረጨው ሰም፣ ሻጮቹ ስፕሬይ ዋክስ የሚሉት፣ ሽቶ የተጨመረበት ውኃ ነው፤ ሰም ቢኖረውም በእኛ ሙቀት ይቀልጣል፤ ሳይቀልጥ የቀረው አቧራ ይስባል፤ ጭረትም አያጠፋም። በምትኩ ጸሐፊው የሚመክረው ጠዋት ጠዋት መኪናን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ በሳምንት አንዴ በዱቄት ሳሙና አጥቦ ፀሐይ ላይ ማድረቅ፣ ቀለሙ ሲደበዝዝ ደግሞ ጨርቅ ናፍጣ አስነክቶ ማሸት ነው። «አባቶቻችን ፔጆአቸውን ያቆዩት በዚህ ነው» ይላል።

መተዳደሪያዬ እዚሁ ድሬዳዋ የመኪና ቀለም መቀባት ነው። ይህን ምክር የተከተለ መኪና ዞሮ ዞሮ የሚመጣው እኛ ዘንድ ስለሆነ፣ ለኪሴ ባስብ ኖሮ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን የፋብሪካ ቀለም አንዴ በብርጭቆ ወረቀት ከተነሳ፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቀቢ ቢያገኝ እንደ ቀድሞው አይሆንም። ፋብሪካው ቀለሙን የሚያደርቀው ባዶውን ላሜራ ከ120 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ ምድጃ ውስጥ አሳልፎ ነው። እኛ መቀመጫና ጎማ፣ ሽቦና ፕላስቲክ የተገጠመለትን መኪና እዚያ ሙቀት ውስጥ ልናስገባው አንችልም። ስለዚህ ያለህን ቀለም ማቆየት ከማስቀባት ሁሌም ይበልጣል። ይህን የምለው ቀቢ ሆኜ ነው።

ጸሐፊውን አንተ እያልኩ ልመልስለት። የድሬ ሰው ስለሆነ አይከፋውም፤ እዚህ አንቱታ እንኳን ለእኩያ ለአዛውንትም ብዙ አይባልም።

«ሽቶ የተጨመረበት ውኃ ነው»

አዎ፣ አብዛኛው ውኃ ነው። የላም ወተትም ከመቶው 87 እጁ ያህል ውኃ ነው፤ ቅቤ ግን ከእሱ ይወጣል። የሚረጭ ሰም አሠራሩ እንደ ወተት ነው፦ በዓይን የማይታዩ የሰም ቅንጣቶች ውኃ ውስጥ ተበትነው ይቀመጣሉ፤ ከመርጨትህ በፊት ጠርሙሱን መነቅነቅ ያለብህም ለዚህ ነው። በጨርቅ ስትዘረጋው ውኃው ይተንና ስስ ሽፋን ይቀራል። ሰሙ ካርናውባ የሚባለው ከሆነ፣ ከሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ዘንባባ ቅጠል ላይ የሚራገፍ ነው። የዛሬዎቹ ብዙዎቹ ደግሞ ከካርናውባው ጋር ወይም በእሱ ፈንታ ሲሊኮንና ሌላ የፋብሪካ ፖሊመር ይገባባቸዋል።

አንድ ነገር ግን ልቀበልህ። ባዶ ጠርሙስ በማይታወቅ ነገር ሞልቶ የሚሸጥ አለ፤ ምናልባት የደረሰህ እሱ ይሆናል። መለየቱ አይከብድም። ንጹሕ መስታወት ላይ አንዴ ርጭ አድርገህ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። እውነተኛው ጭጋግ መሳይ ነገር ትቶ ይደርቃል፤ በደረቅ ጨርቅ ስትወለውለው ጭጋጉ ይለቅና ጣትህ መስታወቱ ላይ ይንሸራተታል። ሽቶና ውኃ ብቻ ከሆነ የጠብታ ምልክት ትቶ ይሄዳል፤ ጣትህም እንደ ድሮው ይይዛል።

«በድሬ ሙቀት ይቀልጣል»

ካርናውባ የሚቀልጠው ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ላይ ነው። የድሬ አየር በግንቦትና በሰኔ ቀን ቀን 35 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ኮፈን ከአየሩ እጅግ ይብሳል፤ ወደ 70 ሊጠጋ ይችላል፤ መዳፍህን አታሳርፍበትም። ያም ሆኖ ከማቅለጫው በታች ነው።

ስጋትህ ግን መሠረት አለው። ሰሙ ባይቀልጥም ዕድሜው እዚህ ያጥራል። ጠርሙሱ ላይ «ሦስት ወር» የሚል ጽሑፍ ብታይ ለድሬ አትቁጠረው። እኔ የማየው ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ነው፤ ውጭ እየዋለ ውጭ ለሚያድር ታክሲ ደግሞ ሁለት ሳምንት። በጣሳ የሚሸጠው ድፍን ሰም ከዚህ የተሻለ ይቆያል፤ ግማሽ ቀን ያለው ሰው እሱን ቢቀባ አልከለክለውም። የሚረጨው አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ቶሎ ቢያልቅም ቶሎ ትተካዋለህ። ለሒሳቡ ያህል፦ ለአንድ ትንሽ አውቶሞቢል የምጨርሰው ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ነው፤ የ500 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ በየ15 ቀኑ ብትጠቀምበት ከስምንት ወር አያንስም። ገንዘብ ማባከን የሚለውን እዚህ ላይ ተወው።

ሻጮቹም ያጋንናሉ። ፀሐይን በዋናነት የሚከላከለው መድኃኒት ያለው ሰሙ ውስጥ ሳይሆን የቀለሙ የላይኛው ሽፋን ውስጥ ነው። ሰም ስለረጨህ ጥላ አያስፈልግህም የሚልህን አትስማ።

«አቧራ ይስባል»

ይህን ብዙ ሰው ሲል ሰምቻለሁ፤ ያዩትንም ነው የሚሉት። ላቫጆ ስትሄድ ልጆቹ ኮፈኑን እስኪንጠባጠብ ድረስ ይረጩትና ሌላ መኪና ባደረቁበት እርጥብ ጨርቅ ያዳርሱታል። ተርፎ ሳይወለወል የቀረ ሰም ይጣበቃል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ አቧራው እዚያ ላይ ይለጠፋል። ለግማሽ ኮፈን ሁለት ርጭት ይበቃል። አንድ ጨርቅ ለመዘርጋት፣ ሌላ ደረቅ ጨርቅ ለመወልወል ያስፈልጋል። ስትጨርስ እጅህ ላይ ቅባትነት ከተሰማህ አብዝተሃል።

ነገሩን ለራሴ ለማረጋገጥ ብዬ የመኪናዬን ኮፈን፣ ጥቁር ሰማያዊ አሮጌ ኮሮላ ናት፣ መሐል ለመሐል ቀለም ስንቀባ በምንጠቀምበት የወረቀት ፕላስተር ከፈልኳት። ቀኙን በየ15 ቀኑ ሰም ረጨሁት፤ ግራውን አጥቤ ብቻ ተውኩት። ሁለት ወር ሙሉ፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ።

ጠዋት ስነሳ አቧራው ሁለቱም ላይ አንድ ነው። በዓይን ለይቼ ይሄኛው ይብሳል ማለት አልቻልኩም። ልዩነቱ የሚመጣው ውኃ ሲነካው ነው። አንድ ጣሳ ውኃ ከመስታወቱ ሥር ቀስ ብዬ ሳፈስ፣ በቀኙ በኩል ውኃው አቧራውን ጠቅልሎ ይዞት ይወርድና ሰማያዊው ይታያል። በግራው በኩል ውኃው አልፎ ቡናማ ስስ ልባስ ይቀራል፤ እሱን የሚያስለቅቀው እጅ ነው። ሐምሌ ላይ ወደ ሐረር ስወጣ ደንገጎ ዳገቱ ላይ ዝናብ ያዘኝ፤ ከመሪው ጀርባ ሆኜ መስመሩን በግልጽ አየሁት። በአንድ በኩል ውኃው እንደ ሽምብራ ክብ ክብ እየሆነ ይሮጣል፤ በሌላው በኩል ተንጣሎ ይተኛል።

የወፍ ኩስም ነገር አለ። ከዚራ ሰፈር የኒም ዛፍ ጥላ ሥር የምናቆም ሰዎች እናውቀዋለን። ከሁለት ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ የደረስኩበት ከቀኙ በእርጥብ ጨርቅ ተነሣ፤ ከግራው ደብዛዛ ቀለበት ትቶ ነው የተነሣው። አንድ ቀን ግን ሳላየው ፀሐይ ላይ ውሎ አደረ፤ ያኔ ቀኙም ላይ ምልክት ቀርቷል። ሰም ጥቂት ሰዓት ይገዛልሃል እንጂ ቀን አይገዛልህም።

«ጠዋት ጠዋት በደረቅ ጨርቅ መጥረግ በቂ ነው»

ከሁሉም በላይ የምቃወምህ እዚህ ላይ ነው። ወደ እኛ የሚመጡት ቀለማቸው የሞተ መኪኖች አብዛኞቹ የሞቱት በዚህ ልማድ ነው፤ ባለቤታቸው ደግሞ ብዙውን ጊዜ መኪናውን የሚወድ ሰው ነው። በየቀኑ የሚጠርገው ስለሚወደው ነው።

የዛሬ መኪና ቀለም ከላዩ ቀለም አልባ ሽፋን አለው። የሚያብረቀርቀው እሱ ነው። ውፍረቱ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ከአንድ የደብተር ወረቀት ግማሽ የማይበልጥ ማለት ነው። ከደቻቱ ወንዝ የሚነሣው አሸዋ ውስጥ ደግሞ ኳርትዝ አለ፤ በማዕድን ጥንካሬ መለኪያ 7 ነው፤ የመስኮት መስታወት 5.5 ገደማ ነው። መስታወት የሚጭር ነገር ከጨርቅህ ሥር አድርገህ በየቀኑ በክብ በክብ ስታሽ ምን እንደሚሆን አስበው። ለማየት ከፈለግህ ማታ ወደ 11 ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይዋ ዝቅ ስትል፣ የጥቁር መኪና በር ላይ አግድም ተመልከት። የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ታያለህ። ቀትር ላይ አይታይም፤ ሰዎች «ቀለሙ ፈዘዘ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ፀሐዩ ላይ ያሳብባሉ፤ ፀሐዩ የሚጠየቅበት ብዙ ነገር ቢኖርም የእነዚያ ክቦች አባት ጨርቁ ነው። በዚያ ላይ ደረቅ እሸታ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ የታሸው ቀለም አቧራውን መልሶ ይጠራል። አቧራ ይስባል ያልከው ሰም ሳይሆን ይህ ነው።

ውኃ የለም ትለኝ ይሆናል፤ እውነት ነው፤ ቧንቧ በማይመጣበት ሳምንት መኪና እጠብ ብዬ ልፈርድብህ አልችልም። ግን እወቅልኝ፦ ደረቅ አቧራ ተቀምጦ ቀለም አይጎዳም፣ ሲታሽ ነው የሚጎዳው። የፊትና የኋላ መስታወትህን፣ መብራትህን አጽዳና ሌላውን ተወው። ለእርሻ መድኃኒት የሚያገለግል አዲስ የእጅ መርጫ አምስት ሊትር ይይዛል፤ እሱን ይዘህ ከጣሪያ ጀምረህ ወደ ታች ብታወርደው አብዛኛው አሸዋ ይሄዳል። ሳይታጠብ መቆየት የሌለበት አንድ አቧራ ግን አለ፤ የሲሚንቶው። ድሬ የሲሚንቶ ፋብሪካ ከተማ ናት። በዚያ በኩል የሚመላለስ መኪና ሌሊት ጤዛ ከነካው ሲሚንቶው ይጠነክራል፤ በጊዜ መታጠብ አለበት።

እዚህ ላይ ከሻጮቹም ጋር እጣላለሁ። «አቧራ ባለበት ላይ ረጭተህ መጥረግ ትችላለህ» ይላሉ። አትችልም። በድሬ አቧራ ላይ የሚረጭ ሰም ረጭቶ መጥረግ በደረቅ ጨርቅ ከመጥረግ ትንሽ ቢሻል ነው። ሰም ከመጠበቂያ አልፎ ማጽጃ አይሆንም።

«በዱቄት ሳሙና አጥቦ ፀሐይ ላይ ማድረቅ»

ዱቄት ሳሙናው የልብስ ቅባት እንዲያስለቅቅ የተሠራ ነው፤ ያለውን ሰም ይዞት ይሄዳል፤ ሳይሟሟ የቀረው ቅንጣት ራሱ ይጭራል። የመኪና ሻምፖ ካጣህ ጥቂት የሰው ጸጉር ሻምፖ በባልዲ ውኃ ይሻላል። ይህን በአጭሩ ልለፈው፤ የሚያሳስበኝ ማድረቁ ነው።

የድሬ ውኃ የጉድጓድ ውኃ ነው፤ ከሳቢያንና ከአካባቢው ከመሬት በታች የሚወጣ፣ ካልሲየም የበዛበት። የሻይ ማንቆርቆሪያህን ገልብጠህ ውስጡን እይ፤ ያ ነጭ ቅርፊት ኮፈንህ ላይ ያለው ነጭ ነጠብጣብ ወንድም ነው። መኪናህን አጥበህ ፀሐይ ላይ ስታቆመው ውኃው በደቂቃ ውስጥ ይተናል፣ ኖራው ይቀራል። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ይጨመርበታል። መጀመሪያ ላይ ሆምጣጤና ውኃ እኩል ደባልቀህ፣ ጥላ ውስጥ ቀዝቃዛ ቀለም ላይ፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አስነክተህ ብታጥበው ይለቃል። ሲቆይ ግን ሽፋኑን ይበላና በፖሊሽ ካልሆነ አይነሣም፤ ፖሊሽ ማለት ደግሞ ከዚያ ከግማሽ ወረቀት ላይ መላጥ ነው።

ድሬ ላይ የሚረጭ ሰም የመጀመሪያው ጥቅም ይህ ነው የምለው ለዚህ ነው፤ ለብልጭታው አይደለም። የማደርገውን ልንገርህ። ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት ወይም ማታ ከ11 በኋላ፣ ላሜራው በእጅ ጀርባ ሲነካ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ ጥላ ውስጥ አጥባለሁ። ሁለት ባልዲ፦ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ እስፖንጁ የሚለቀለቅበት። አለቅልቄ ስጨርስ ውኃው ገና ላዩ ላይ እንዳለ አንድ ክፍል ላይ ብቻ፣ ለምሳሌ በሩ ላይ፣ አንድ ሁለቴ እረጫለሁ፤ ወዲያው በማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ ሳልጫን፣ በቀጥታ መስመር እስባለሁ። ሰሙ ጨርቁን ያንሸራትተዋል፤ ውኃውም ኖራውን ሳያስቀምጥ ይነሣል። ከዚያ በሌላኛው ደረቅ ጨርቅ እወለውላለሁ፤ ወደሚቀጥለው በር አልፋለሁ። ማድረቅ አይቀርልህም፤ ሰሙ በዚያው ሥራ ውስጥ ይገባልሃል። ነፋስ ካለ ጨርቁ ላይ ነው የምረጨው።

የማይረጭበትንም ልንገርህ፣ ሰው ስለሚሳሳትበት። የፊት መስታወት ላይ አይረጭም፤ ማታ ከፊት የሚመጣ መብራት ይበተንብሃል። የፍሬን ዲስክና የጎማ ገጽ ላይ ፈጽሞ። የሞተር ብስክሌት መቀመጫና እጀታ ላይም እንዲሁ፤ ያንሸራትታል። አዲስ የተቀባ መኪና ላይ ቢያንስ አንድ ወር ቆይ፤ ቀለሙን ለማቅጠን የተጨመረው ቲነር ገና እየወጣ ነው፣ አትድፈንበት። እኛም ቀለም ቤታችን ውስጥ የሚረጭ ሰም አናስገባም፤ ሲሊኮኑ ያረፈበት ላሜራ ላይ አዲስ ቀለም አይቀመጥም፣ እንደ ዓሣ ዓይን ክብ እየሠራ ይሸሻል። ለማስቀባት ስትመጣ ሰም ትጠቀም እንደነበር ለቀቢው ንገረው።

ጭረት አያጠፋም ስላልከው፣ ትክክል ነህ። ጥፍርህ የሚያዝበት ጭረት በምንም ሰም አይጠፋም።

«አባቶቻችን ፔጆአቸውን በናፍጣ አቆዩት»

አባቶቻችንን አከብራለሁ፤ የእኔም አባት አድርጎታል። ነገር ግን የእነሱ ፔጆና የአንተ መኪና አንድ ዓይነት ቀለም የላቸውም። ሐረር ላይ ለረጅም ዘመን ታክሲ ሆኖ ያገለገለው ፔጆ 404 በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1975 የተመረተ ነው። የዚያ ዘመን ተራ ቀለም የላይ ሽፋን አልነበረውም፤ ከላይ እስከ ታች ቀለም ነው። ሲያረጅ ላዩ ዱቄት ያወጣል፤ ነጭ ጨርቅ ብታሽበት ጨርቁ ሰማያዊ ይሆናል። ሲታሽ የሞተው ተገፎ ከሥሩ ያለው ብቅ ይላል፤ ስለዚህ ብዙ በደል ይችል ነበር። ናፍጣው ያደርግ የነበረው ደግሞ ያንን ዱቄት ማራስ ነው። ደረቅ ድንጋይ ውኃ ሲነካው ይጠቁራል አይደል? ልክ እንደዚያ። ሲተን ተመልሶ ይነጣል፤ ነገ ደግሞ ማሸት ነው። ዛሬ የምታያቸው ፔጆዎች ስንት ጊዜ ድጋሚ እንደተቀቡ የሐረር ቀለም ቀቢ ጠይቅ።

በአሁኑ መኪና ላይ ናፍጣ የሚሠራውን ባለፈው ወር አይቻለሁ። አንድ ደንበኛ ነጭ መኪናውን አምጥቶ በሩን ከፍቼ የመዝጊያውን ጎማ ስጫነው እንደ በሰለ ቲማቲም ለሰለሰ፤ አብጧል። በበሩ ጠርዝና በፓራፋንጎው መገጣጠሚያ ውስጥ ናፍጣና አቧራ ተቦክተው ጥቁር ጭቃ ሆነዋል። ያንን ጭቃ ነው በየጠዋቱ በጨርቅ እያወጣ መኪናውን ሲያሸው የከረመው። ብርሃን ላይ ዘንበል ብዬ ሳየው ሽፋኑ ጣሪያው ላይ ጨርሶ ተልጦ ነበር። ሰውየው ሦስት ዓመት አንድም ቀን ሳይጠርግ የዋለበት ጊዜ እንደሌለ እየማለ ነገረኝ፤ አምኜዋለሁ።

ስለዚህ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ሰሙን ባትወደው ግድ የለኝም፤ ጥላ ካለህና በወጉ ካጠብክ ያለ ሰምም መኪናህ ይከርማል። የናፍጣዋን ምክር ግን ከጽሑፍህ አውጣት። ዛሬ ማታ ያነበባት ሰው ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጨርቁን ነክሮ ይወጣል። ከተጠራጠርከኝ ቅዳሜ ከ2 ሰዓት በፊት ና፤ ኮሮላዋ በር ላይ ትቆማለች፣ አላጥባትም። ጣሳውን አንተ ያዝ፤ ራስህ ግራና ቀኙ ላይ አፍስሰህ ልዩነቱን ትነግረኛለህ።